የሰባት ቁጥር ተሳቢ እትብት

«እታለም... ይሄ ምን ይላል?»



ሦስት ቃል ናት። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ እንኳ ይመልሳታል። እኔ ግን አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሸሻት ኖሬ፣ አንድ ቀን ጠዋት መንገድ ዘግታ ቆመችብኝ።

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። «ሴትዮዋ አበዛችው» የሚል ካለ አልቀየመውም፤ በእኔ ባይደርስ እኔም እንደዚያው እል ነበር። ግን አንድም ነገር አልጨመርኩበትም። መጻፍ ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ያየሁትን ለመጻፍ እንኳ ስንት ቀን ታግያለሁ፤ ያላየሁትን ለመፍጠር ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም የለም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ፀሐይ ወጥታለች፣ በሩ ክፍት ነው፣ መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል።

ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው።

የምሠራው ተሳቢ በሚያከራይ ግቢ ውስጥ ነው። ተሳቢ ታውቃላችሁ፤ ከመኪና ኋላ ተቀጥሎ ዕቃ የሚጭን፣ ሞተር የሌለው። ስምንት አሉን። ጎናቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። እኔ አጥባቸዋለሁ፣ ግቢውን እጠርጋለሁ፣ መለያ ካርድ አንጠለጥላለሁ።

ግቢው ዳገት ሥር ነው። ከበሩ የወጣ መኪና ወዲያው ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ከላይ ኳስ ቢያመልጥ ተንከባልሎ ተንከባልሎ የሚቆመው እኛ በር ላይ ነው።

ይህን ያዙልኝ።

ተሳቢዎቹን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበር። ስሙን ከደሞዝ ወረቀት ላይ ካልሆነ ማንም አይጠራውም። «ጋሽ ፍተሻ» ነበር የምንለው። ሻይ ሲሰጡት እንኳ ብርጭቆውን ገልብጦ ሥሩን ያያል።

«ጋሽ፣ ብርጭቆም ይፈተሻል እንዴ?» ስለው፣

«የማይፈተሽ ነገር የለም፣ እታለም። ሰው ብቻ ነው ሳይፈተሽ መንገድ የሚወጣው» ይለኛል።

እትብትን ያስተማረኝ እሱ ነው።

እትብት የሚለው አንዲት ቀጭን የብረት ገመድ ነበር። አንዱ ጫፏ መኪናው ላይ ይታሰራል። ሌላው ጫፏ ተሳቢው ላይ ያለች ትንሽ ፒን ይይዛል።

«ተሳቢ ለብቻው ማሰብ አይችልም» አለኝ አንድ ቀን። «መኪናው ሲቆም ይቆማል፣ ሲሄድ ይሄዳል። እሺ፣ መንገድ ላይ ቢላቀቅስ? መጠባበቂያ ሰንሰለቱም ቢበጠስስ?»

«ጉድ ይፈላላ።»

«አይፈላም። ተሳቢው ሲያመልጥ ገመዷ ትወጠርና ፒኗን ትነቅላለች። ፒኗ ስትነቀል የተሳቢው የራሱ ባትሪ ፍሬኑን ያስይዛል። ቀጥ ይላል። ልጅ እትብቱ ሲቆረጥ ያለቅሳል፤ ተሳቢ ደግሞ እትብቱ ሲሳብ ይቆማል።»

ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ይጀምራል። ፒኗን ይነቅላል። ጆሮውን ጎማው አጠገብ ያደርጋል። ፍሬኑ ውስጥ ያለው ማግኔት ሲይዝ ድምፅ አለው።

እምምምም...

ከዚያ ተሳቢውን በትከሻው ይገፋል። ካልተነቃነቀ ፒኗን በጨርቅ ጠርጎ፣ ግሪስ ነካ አድርጎ መልሶ ይሰካታል።

ጠቅ።

«ነቅለሽ አትርሺያት። ተነቅላ ከዋለች ባትሪውን ትጨርሰዋለች» ይለኛል። በመጨረሻም ገመዷን ወደ ግራ ሦስት ዙር ይጠመጥማታል። ሁልጊዜ ወደ ግራ። ሁልጊዜ ሦስት።

ሥራው ሲያልቅ ካርድ አንጠልጥይ ይለኛል። ደህናው አረንጓዴ፣ ያልሆነው ቀይ። እኔም በቀለም እየለየሁ እሰቅላለሁ። ፊደል አለመቁጠሬን ግቢው ውስጥ ማንም አያውቅም ነበር።

ታዲያ ካርዶቹ ፀሐይ በላቻቸውና አለቃችን አዲስ አሠራ። አለቃችንን ከኋላው «ቶሎ ቶሎ» እንለዋለን፤ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ። ካርዶቹን ቶሎ ለማድረስ ብሎ ሁሉንም በአንድ ቀለም አሳተማቸው።

ነጭ። ሁሉም ነጭ።

ያን ቀን ጠዋት ጋሽ ፍተሻ ሦስት ቁጥር ሥር ተኝቶ ነበር። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ።

«እታለም፣ ሰባት ቁጥር ላይ አልተፈተሸም የሚለውን ስቀይልኝ። ባትሪዋ ሞቷል።»

«እሺ ጋሽ።»

ሁለቱን ካርዶች ይዤ ቆምኩ። ሁለቱም ላይ መስቀል የምትመስል ፊደል አለች። አንደኛው ቃል ረዘም ይላል፣ ሌላው አጠር ይላል።  «አላውቅም» ብል ምን ነበረበት? አፌን ምን ያዘው? ሀፍረት ነዋ።

እናም በራሴ ጭንቅላት አሰብኩ።

የሞተ ነገር ብዙ ቃል አያስፈልገውም አልኩ።

አጭሩን ሰቀልኩ።

ክሩ ላልቶ ስለነበር ከሽርጤ ጫፍ ሰማያዊ ክር መዝዤ አጥብቄ አሰርኩት።

ጋሽ ፍተሻ ተነስቶ መጣ። መነጽሩ ግሪስ ጠጥቶ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። ያለ መነጽር ደግሞ የራሱንም እጅ አያይም። ካርዱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዘው።

«እታለም... ይሄ ምን ይላል?»

 ዓይኔን በጨው አጥቤ መለስኩለት።

«ያሉኝን ነዋ የሚለው።»

ሳቀ። ካርዱ ጥግ ላይ የአውራ ጣቱ ጥቁር አሻራ ቀረ።

«አይ እታለም» ብሎ ወደ ጓዳ ሄደ፤ አዲስ ባትሪ ሊያመጣ።

እሱ ጓዳ ሳለ አንድ ሹፌር መጣ። ካርዱን አነበበ። ሰባት ቁጥርን ቀጥሎ ወጣ።

ጋሽ ፍተሻ ባትሪውን ታቅፎ ሲመለስ ቦታው ባዶ ነው። ባትሪውን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ። እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። «ቁም! ባትሪዋ ሞቷል!» ይላል...

ዳገቱ መሃል ላይ ተሳቢዋ ተላቀቀች።

ሰንሰለቱ ተበጠሰ። እትብቷም ሥራዋን ሠራች። ፒኗን ነቅላለች። ግን ፍሬኑን የሚያስይዝ ባትሪ አልነበረም።

ሰባት ቁጥር ወደ በሩ ወረደች።

እሱ በሩ ላይ ነበር።

ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ካርዱ ተፈለገ፣ ጠፋ። ሹፌሩ «ተፈትሿል ይላል፣ በዓይኔ አንብቤያለሁ» ብሎ ማለ። አለቃችን በአደጋ መዝገቡ ላይ ጽፎ ጮክ ብሎ አነበበልን። «መካኒኩ ራሱ ሳይፈትሽ ተፈትሿል የሚል ካርድ በመስቀሉ የደረሰ አደጋ።»

ጋሽ ፍተሻ። ሳይፈትሽ።

አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም።

በሳምንቱ ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ልጄ ከት ብላ ሳቀች። «እማዬ፣ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሰው ተገኘ እንዴ?» አለች። እኔም ሳቅሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ልጄ አንዲት ናት። ብቻዬን ነው ያሳደግኋት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ወርቅ ነው። ይቺን ልጅ ያዙልኝ፤ ነገሩ የሚዞረው እሷ ላይ ነው።

ሁለት ዓመት ሄደ። ሰባት ቁጥር ተጠግና ግቢው ጥግ ቆመች። ማንም አይከራያት፣ ማንም አይነካት።

ካለፈው ወር ጀምሮ ግን...

አንድ ጠዋት ስጠርግ ፒኗ ተነቅላ አየኋት። ወድቃ እንዳይመስላችሁ። ብረቱ ላይ በሥርዓት ተቀምጣለች። ተጠርጋለች።

መለስኳት። ጠቅ።

በማግሥቱም ተነቅላለች። ሰዓቱን አየሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ።

በሦስተኛው ቀን ገመዷ ተጠምጥማ ነበር። ወደ ግራ። ሦስት ዙር።

ለአለቃችን ነገርኩት።

«እትዬ፣ ድመት ነው» አለኝ።

«ድመት ገመድ ይጠመጥማል?»

«እንግዲያው ጎረምሶች ናቸው። ብቻ ባትሪ እየጨረሱ ነው።» መጥቶ የሰባት ቁጥርን ባትሪ ፈታና ወሰደው። ሳጥኑ ባዶ ቀረ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጄንም ከትቼ ዳስሻለሁ። ከሁለት ሽቦ በቀር ምንም የለም።

በማግሥቱ ጎማዋን ሳጥብ ውሃውን ዘጋሁ።

አንድ ነገር ሰማሁ።

እምምምም...

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ድምፁ ግን አለ። ከውስጥ። ቀጭን። ሰው አፉን ዘግቶ እንደሚያንጎራጉር።

በትከሻዬ ገፋኋት። አልተነቃነቀችም። ባትሪ የሌላት ተሳቢ ፍሬን ይዛለች።

ለማን ልናገር? ድሮ አለማንበቤን ደብቄ ሰው በላሁ። አሁን ደግሞ «አበደች» ሊሉኝ ነው። 

ከዚያ የደብተሬ ነገር መጣ።

የቤት ሥራችን አሥር ቃል መርጦ መጻፍ ነበር። እኔ አንድ ቃል አሥር ጊዜ ጻፍኩ። ተፈትሿል። ግን ያቺን «ሿ» ሁልጊዜ እስታታለሁ፤ «ሸ» ብዬ እተዋታለሁ። ደብተሩን ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌ ምሳ በላሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ማታ መምህርቷ ደብተሬን አየችና «ጎበዝ፣ ራስሽ አርመሽዋል» አለችኝ።

አየሁት።

አሥሩም «ሸ» ሥር ትንሽ ጭረት ተጨምሯል። በእስክሪብቶ አይደለም። በጥቁር ግሪስ።

አሸተትኩት። ምን እንደሚሸት አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ልጄ ሌላ ከተማ ሱቅ ተከራየች። ልትሄድ ነው። አሮጌ ፒካፕ ገዝታለች። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት የስፌት መኪና መጫን አለባት። ተሳቢ ያስፈልጋታል።

ያን ጠዋት ግቢው ውስጥ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች።

«ሰባት ቁጥርን ውሰጃት» አለ አለቃችን። «አዲስ ባትሪ አስገብቼላታለሁ።»

«ሌላ ይምጣላት» አልኩ።

«እትዬ፣ ሌላ እስኪመጣ ቀኑ ይመሻል። ቶሎ ቶሎ እንጨርስ።»

«ተፈትሻለች?»

«ይኸው፣ የባትሪውን መሞከሪያ ቁልፍ ስጫን መብራቷ አረንጓዴ ይበራል። ካርዱንም ሰቅያለሁ።»

ካርዱን አነበብኩት። አዎ፣ አነበብኩት። አዲስ፣ ንጹህ፣ ነጭ። ተፈትሿል ይላል።

ልጄ ዕቃዋን ጭና አሰረች። አለቃችን እየተጣደፈ ተሳቢዋን ከፒካፑ ጋር ገጠመ። እኔ ልቤ አልረጋ ብሎ ዙሪያውን እዞራለሁ።

«እማዬ» አለች ልጄ እየሳቀች፣ «ተሳቢዋን ልትድሪያት ነው ወይስ እኔን? ይህን ያህል ዞረሽ ያየሽው ሙሽራ የለም።»

«ልጄ፣ ትንሽ ቆዪ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ብቻ ቆዪ።»

«እማ... አንድ ቀን መሄዴ አይቀርም እኮ።» ድምፅዋ ለሰለሰ። ለመለየት የከበደኝ መስሏታል። ከብዶኝም ነበር። ግን እሱ አልነበረም።

ሳመችኝ። ገባች። ሞተሩን አስነሳች።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ።

ፒካፑ አንድ እርምጃ ሄደና ከኋላው የተያዘ ያህል ቆመ። የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ቧጠጡ። ልጄ ሞተሩን አጠፋች።

ግቢው ጸጥ አለ።

እምምምም...

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች ልጄ በመስኮት።

እሷም ሰምታዋለች። አንድ ወር ሙሉ ያልወረደልኝ ትንፋሽ ወረደልኝ። አላበድኩም።

አለቃችን ጎንበስ ብሎ ፒኗን አየ። በቦታዋ ናት። ተሰክታለች። ፍሬኑ ግን ይዟል።

«ባትሪው ነው» ብሎ ሳጥኑን ከፈተ። ባትሪውን ፈታው። አወጣው። መሬት ላይ አስቀመጠው።

እምምምም...

«ከመኪናው የመብራት መስመር ይሆናል» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። የመብራቱን መስመር ነቀለው።

እምምምም...

አለቃችን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ያን ሰውዬ ቀስ ብሎ ሲራመድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እትዬ...» አለኝ በሹክሹክታ። «ይሄን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምተሻል?»

 ካርዱን እያየሁ ነበር።

ነጭ አልነበረም። ቢጫ ሆኗል። ፀሐይና ዝናብ የበላው። ጥግ ላይ የአውራ ጣት ጥቁር አሻራ አለ።

የታሰረው በሰማያዊ ክር ነው።

 ተሳቢዋን ይዤ ተንበረከክሁ። ፊቴ ከጎማው እኩል ሆነ። ከሥር፣ ከጨለማው፣ አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ እንደሚያወራ ሁሉ ድምፅ መጣ። ቅርብ። ድካም ያለበት።

«እታለም... ይሄ ምን ይላል?»



ልጄ በሩን ከፍታ ወረደች። «እማዬ? እማ፣ ምን ሆንሽ?» እሷ አልሰማችም። አለቃችንም አልሰማም።

ካርዱን ያዝኩት። ጣቴን ከፊደል ፊደል አስኬድኩ፤ መምህርቷ እንዳስተማረችኝ።

«ተ... ፈ... ት... ሿ... ል።»

ከሥር ያለው ድምፅ በጣም ቀስ ብሎ፣

«እውነት ነው?»

«አይደለም» አልኩ። አለቀስኩ። «አይደለም ጋሽ። አልተፈተሸም። ያን ቀንም አልተፈተሸም ነበር። ማንበብ አልችልም ነበር። እኔ ነኝ የሰቀልኩት። እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ።»

እምም የሚለው ድምፅ ቆመ።



አለቃችን ፊቱ አመድ መስሏል። ልጄ አጠገቤ ተንበርክካ እጄን ይዛለች። ማንም «ምን አልሽ?» አላለኝም። ሰምተዋል።

«እትብቷን አሳዩኝ» አልኩ።

«ታስራለች እኮ...» አለ አለቃችን።

«የት?»

 ገመዷን በእጄ ይዤ ጫፏን ተከተልኩ። ከፒኗ ተነሳች፣ ወደፊት ሄደች... መኪናው ጋ አልደረሰችም። ተመልሳ በተሳቢዋ የራሷ ሰንሰለት ላይ ተቆልፋለች።

ገባችሁ? አለቃችን በጥድፊያ እትብቷን ከራሷ ጋር አስሯታል። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ገመዷ አብራ ትሄዳለች። አትወጠርም። ፒኗን አትነቅልም። ባትሪው አዲስ ቢሆን፣ መብራቷ አረንጓዴ ቢሆን፣ ካርዱ መቶ ጊዜ ተፈትሿል ቢል... ምንም።

ልጄ ክሪኩን አዞረች፤ የተሳቢዋን አንገት ከፍ ለማድረግ። ፒካፑ ኋላ ካለው መግጠሚያ የብረት ኳስ ላይ ያለ ምንም ትግል ወጣ። መቆለፊያው ጭራሽ አልተቆለፈም ነበር።

ቀና ብላ ዳገቱን አየች። ከዚያ እኔን። ከዚያ በሩን።

«እማዬ» አለች በጣም በዝግታ። «በዚህ ልወጣ ነበር?»

«አዎ ልጄ።»

አለቃችን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ስነግረው ይስቅ ነበር። ያን ቀን አልነገርኩትም።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ቁጥር ተሳቢ ከኪራይ ተመለሰች። ዕቃውን ወደ እሷ አዛወርን። ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም። ራሴ ኳሱ ላይ አስቀመጥኳት፣ ቆለፍኩ፣ በክሪክ ወደ ላይ ስቤ እንዳትወጣ አየሁ። ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት ዳሰስኩ። ፒኗን ነቀልኩ። ጆሮዬን ጎማው አጠገብ አደረግሁ። እምም አለች፤ ይሄኛው ከባትሪ የመጣ፣ ደህና ድምፅ ነው። በትከሻዬ ገፋኋት፣ አልተነቃነቀችም። ፒኗን ጠርጌ፣ ግሪስ ነካ አድርጌ መለስኳት። ጠቅ። እትብቷን ከፒካፑ ከራሱ ብረት ጋር አሰርኩ። ኩርባ ላይ እንዳትወጠር ላላ፣ መሬት እንዳትነካ ሰብሰብ አድርጌ።

ልጄ ቆማ ታየኛለች።

«መቼ ተማርሽው?»

«ድሮ ተምሬዋለሁ። ማንበቡ ነው የዘገየው።»

ከዚያ የአደጋ መዝገቡን አስመጣሁ። አለቃችን ያንን ገጽ ከፍቶ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ፊደሎቼ ከመስመር ወጡ። ግን ጻፍኩት። «ካርዱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ማንበብ አልችልም ነበር። ጋሽ ፍተሻ ፈትሾ ባትሪዋ መሞቱን ነግሮኝ ነበር።» ስሜን ፈረምኩ። አለቃችን ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረ። «ካርዶቹን አንድ ቀለም ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ልጄ ሳመችኝ። በዚህኛው ጊዜ ረጅም። «ስደርስ እጽፍልሻለሁ፣ አንቺም በእጅሽ ትመልሺልኛለሽ» አለችኝ።

ፒካፑ በሩን ወጣ። ሽቅብ ጀመረ። ሦስት ቁጥር ከኋላው እየተከተለች፣ ትንሽ እየሆነች፣ ትንሽ እየሆነች... ዳገቱን ጨርሳ ጠፋች።

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እሱ በቆመበት ቦታ።

ከኋላዬ፣ ከግቢው ጥግ ድምፅ ሰማሁ።

ጠቅ።

ዞርኩ። አለቃችን ቢሮ ነው። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ሰባት ቁጥር ብቻዋን ቆማለች። ቢጫው ካርድ የለም። ሰማያዊው ክር መሬት ላይ ወድቋል፤ ተፈትቶ እንጂ ተበጥሶ አይደለም።

ፒኗ ተሰክታለች። ግሪሱ አልደረቀም።

ከተሳቢዋ ሥር ሁለት የጫማ ሶሎች ይታዩ ነበር። ጣቶቻቸው ወደ ሰማይ። አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ ሲሠራ እንደሚሆነው።

«ጋሽ?» አልኩ።

የቀኝ እግሩ ትንሽ ተነቃነቀ። ሥራ ላይ ያለ ሰው «ቆይ» ሲል እንደሚያደርገው።

ልጄ ሄደች።

እኔ ቀረሁ።

እሱም አልሄደም።